የሞት መቀነስ ከሀብት ብቻ ነውን? ስለ ቶማስ ማክዮን ትምህርት የቀረበ ሒስ

የአንድ ሕዝብ ዕድሜ የሚረዝመውና የሕፃናቱ ሞት የሚቀንሰው በምን ምክንያት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ሰው ሦስት ዓይነት መልስ ያገኛል። አንደኛው ወገን ምስጋናውን ለሐኪምና ለመድኃኒት ይሰጣል፤ ሁለተኛው ለሀብት መጨመርና ለምግብ መሻሻል፤ ሦስተኛው ደግሞ ለንጹሕ ውሃ፥ ለከተማ ጽዳትና ለመንግሥት ሥራ ይሰጣል። ከነዚህ መካከል ሁለተኛውን ሐሳብ ከማንም ይልቅ አጠንክረው ያቀረቡት በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ዩኒቨርሲቲ የማኅበራዊ ሕክምና ፕሮፌሰር የነበሩት ቶማስ ማክዮን (1912–1988) ናቸው። ትምህርታቸው በሊቃውንት ዘንድ ብዙ ክርክር ከማስነሣቱም በላይ፥ ድኻ አገሮች ገንዘባቸውን በምን ላይ እንዲያውሉ በሚመከሩበት ጊዜ ሁሉ በግልጽም ሆነ በስውር ይጠቀሳል። ስለዚህ ትምህርቱን መመርመር ስለ እንግሊዝ ታሪክ ብቻ መመርመር አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

ማክዮን ሐሳባቸውን መጀመሪያ የገለጹት በ1955 ከአር. ጂ. ብራውን ጋራ፥ ቀጥሎም በ1962 ከአር. ጂ. ሬኮርድ ጋራ ባሳተሟቸው ጽሑፎች ሲሆን፥ በ1976 «የሕዝብ ቍጥር ዘመናዊ ዕድገት» ብለው በሰየሙት መጽሐፍ አጠቃለውታል። መሠረታቸው የእንግሊዝና የዌልስ የሞት መዝገብ ነው። በዚያ አገር የልደትና የሞት ምዝገባ በ1837 ስለ ተጀመረ፥ ከዚያ ወዲህ ስንት ሰው በየትኛው በሽታ እንደ ሞተ በየዓመቱ ይታወቃል። ማክዮን ይህን መዝገብ በየበሽታው ከፋፍለው ሲመለከቱ፥ ከመቀነሱ ትልቁ ድርሻ የተላላፊ በሽታዎች፥ ከነሱም ውስጥ በትንፋሽና በአየር የሚተላለፉት ሆኖ አገኙት። ከሁሉ ጐልቶ የታየው የሳምባ ነቀርሳ ነው። ሮበርት ኮኽ የዚህን በሽታ ሕዋስ ያገኙት በ1882 ነው፤ ስትሬፕቶማይሲን የተባለው መድኃኒት በእንግሊዝ አገር መሰጠት የጀመረው በ1947 ነው። ነገር ግን በነቀርሳ የሚሞተው ሰው መቀነስ የጀመረው ከሁለቱም በፊት ሲሆን፥ መድኃኒቱ ሲመጣ የመቀነሱ ሥራ አብዛኛው ተፈጽሞ ነበር። እንዲሁም ኩፍኝ፥ ትክትክና የቀይ ትኩሳት የሚገድሏቸው ሕፃናት ክትባት ወይም መድኃኒት ከመገኘቱ በፊት በእጅጉ አንሰው ነበር።

ከዚህ ተነሥተው ማክዮን አራት ምክንያቶችን በተራ ይመዝናሉ። ሕክምና ሊሆን አይችልም፤ ዘግይቶ መጥቷልና። የበሽታዎቹ ጠባይ በራሱ ለዘብ ብሎ ይሆናል የሚለውም ለሁሉ በአንድ ጊዜ ሊደርስ የማይመስል ነገር ነው። የከተማ ጽዳት በውሃና በምግብ ለሚመጡት በሽታዎች ይበጃል እንጂ በአየር ለሚተላለፉት አይበጅም። ስለዚህ የቀረው አራተኛው፥ ማለት የምግብ መሻሻልና እሱን ያስገኘው የኑሮ ደረጃ ከፍ ማለት፥ ዋናው ምክንያት ነው ብለው ይደመድማሉ።

ከነቀፋው በፊት ምስጋናውን ማስቀደም ተገቢ ነው። ማክዮን ራሳቸው ሐኪም ሆነው ሳለ ሐኪሞች ለሙያቸው የሰጡትን ክብር ከመዝገብ ጋራ ለማነጻጸር መድፈራቸው ትልቅ ነገር ነው። ከሳቸው በፊት የጤና ታሪክ የታላላቅ ሐኪሞች ገድል ሆኖ ይጻፍ ነበር፤ ከሳቸው ወዲህ ግን «መድኃኒቱ በተገኘበት ዓመት ሞቱ ምን ያህል ነበር?» ሳይባል ስለዚህ ነገር መጻፍ ነውር ሆኗል። ይህ ጥያቄ ብቻውን ለስማቸው ይበቃል። ጕድለቱ ያለው ከጥያቄው ሳይሆን ከመልሱ ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጕድለት የአመክንዮ ነው። ማክዮን እንግሊዞች በ19ኛው መቶ ዓመት የበሉትን ምግብ መዝነው፥ ከሞቱ ጋራ አስተያይተው ወደ መልሳቸው አልደረሱም። ሌሎቹን ምክንያቶች አንድ በአንድ አስወጥተው በቤቱ የቀረውን ባለቤት ነው አሉ። እንዲህ ያለው ፍርድ የሚጸናው በሁለት ነገር ነው፤ አንደኛ፥ ተጠርጣሪዎቹ ሁሉ ከተቈጠሩ፥ ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ የተሰናበተው በቂ ማስረጃ ቀርቦ ከሆነ። ሁለቱም አልተሟሉም። የቤት መጣበብ፥ የሥራ ሰዓት፥ የእናቶች ዕውቀት፥ ሕመምተኛን ከጤነኛ መለየት ሁሉ በመዝገባቸው ላይ የራሳቸው ቦታ የላቸውም፤ «የኑሮ ደረጃ» በሚለው ሰፊ ቃል ውስጥ ተሸፍነው ምግቡ ብቻ ወደ ፊት ይቀርባል።

ሁለተኛው ጕድለት የመዝገቡ አነባበብ ነው። የታሪክ ሊቁ ሳይመን ሽሬተር በ1988 ባሳተሙት ጽሑፍ ያንኑ የማክዮንን መዝገብ እንደገና ገልጠው አነበቡት። በአየር ከሚተላለፉት በሽታዎች መካከል ነቀርሳ ቀነሰ ሲባል፥ ብሮንካይትስ፥ የሳምባ ምችና ኢንፍሉዌንዛ በአንድነት የተጻፉበት ክፍል በመቶ ዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ እንደ ጨመረ አሳዩ። የዚያን ዘመን ሐኪም የደረት በሽታዎችን ሁልጊዜ ለይቶ ለመጻፍ አይችልም ነበርና፥ ከነቀርሳ ዓምድ የጐደለው በከፊል ወደ ጎረቤቱ ዓምድ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በቀር የተሻለ ምግብ የደረትን በሽታ የሚያሸንፍ ከሆነ፥ አንዱን አሸንፎ ሌላውን እንዴት አጠነከረው? በአንጻሩ ግን ከውሃና ከቈሻሻ የሚመጡት፥ ኮሌራ፥ የአንጀት ተስቦና የተቅማጥ በሽታዎች፥ የከተማ ጽዳት በተስፋፋበት ዘመን መቀነሳቸው በግልጽ ይታያል። ኮሌራ በለንደን ለመጨረሻ ጊዜ በብርቱ የተነሣው በ1866 ሲሆን፥ የመታውም አዲሱ የፍሳሽ ማስወገጃ ቦይ ገና ያልደረሰበትን የምሥራቁን ሰፈር ነው።

ሦስተኛው ነገር የቦታ ልዩነት ነው። በ1842 ኤድዊን ቻድዊክ ስለ ሠራተኛው ሕዝብ ጤና ባቀረቡት ታላቅ ዘገባ፥ በማንቸስተር ከተማ የመኳንንትና የባለሙያዎች አማካይ የሞት ዕድሜ 38፥ የሠራተኞች 17 ሲሆን፥ ራትላንድ በተባለው የገጠር አውራጃ ግን የመኳንንቱ 52፥ የሠራተኞቹ 38 እንደ ነበረ ይነበባል። እንግዲህ የገጠሩ ድኻ የከተማውን ባለጸጋ ያህል ኖረ ማለት ነው፤ ደመወዙ የበለጠው ግን የከተማው ሠራተኛ ነበር። እዚህ ላይ ተማሪዎች ሊጠነቀቁ ይገባል። የሟቾች አማካይ ዕድሜና የተወለደ ሰው ሊኖር የሚጠበቀው ዕድሜ አንድ አይደሉም፤ ልጅ የሚበዛበት ከተማ በመጀመሪያው መለኪያ ከእውነቱ የባሰ ሆኖ ይታያል። ነገር ግን ዊልያም ፋር በትክክለኛው መለኪያ ለ1841 ባዘጋጁት ሠንጠረዥም ሲወለዱ የሚጠበቀው ዕድሜ በሰሪ አውራጃ 45፥ በለንደን 37፥ በሊቨርፑል 26 ሆኖ ተገኝቷል። መለኪያው ተለወጠ እንጂ ፍርዱ አልተለወጠም፤ በዓለም ላይ ከሁሉ ቀድሞ በበለጸገው አገር፥ ሀብቱ በሚሠራባቸው ከተሞች ውስጥ ሞት የከፋ ነበር።

ይህ ሁኔታ የተለወጠው ሀብቱ ስለ ጨመረ ብቻ አይደለም፤ ሀብቱማ ከመጀመሪያውም በከተሞቹ ውስጥ ነበር። የጐደለው ያን ሀብት ወደ ቧንቧና ወደ ቦይ የሚለውጥ ውሳኔ ነው። በብዙ ከተሞች የማዘጋጃ ቤት ግብር የሚከፍሉ ትናንሽ ባለንብረቶች ወጪውን ስለ ፈሩ ሥራውን ለብዙ ዓመታት አዘገዩት። በ1848 የወጣው የሕዝብ ጤና ሕግ ለፈቃድ የተተወ በመሆኑ ፍሬው ጥቂት ነበር። ከ1867 ወዲህ የመምረጥ መብት ለብዙ ሠራተኞች ሲሰጥና የ1875ቱ ሕግ ግዴታን ሲያመጣ ግን የከተሞቹ አስተዳደር ጠባዩ ተለወጠ። ከዚህ ሁሉ የሚያስገርመው ምስክር ማክዮን የሚያስተምሩባት ከተማ ራሷ ናት። ከ1873 እስከ 1876 የበርሚንግሃም ከንቲባ የነበሩት ጆዜፍ ቻምበርሌን የጋዝና የውሃ ድርጅቶችን ከግል ባለቤቶች ወደ ማዘጋጃ ቤት አዛወሩ፤ የከተማዋ ውሃ በ1904 ከዌልስ ተራራዎች በቦይ መምጣት ጀመረ። ማክዮን በበርሚንግሃም ሲያስተምሩ የዚህን ውሳኔ ውሃ እየጠጡ፥ በመጽሐፋቸው ግን ለውሳኔው የሰጡት ቦታ ሁለተኛ ደረጃ ነው።

በምግብ ላይ የቀረበ ሌላ ጠንካራ ተቃውሞ አለ። የእንግሊዝ መኳንንት ትውልዳቸው በመዝገብ ስለ ተጻፈ ዕድሜያቸው ተጠንቷል። እነዚህ ሰዎች የምግብ ችግር ያልነበረባቸው ናቸው፤ ሆኖም እስከ 18ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ ከተራው ሕዝብ የበለጠ አልኖሩም። ጠግቦ የሚበላና ተርቦ የሚያድር እኩል የሚሞቱ ከሆነ፥ በመካከላቸው ምግብ የማይፈታው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው። እንዲሁም በእንግሊዝ አገር የሕፃናት ሞት እስከ 1900 ድረስ ከሺህ 150 ገደማ ሆኖ ሳይቀንስ ቈየ፤ የአዋቂዎች ደመወዝና ምግብ ግን ከዚያ በፊት ተሻሽሎ ነበር።

ክርክሩን ከእንግሊዝ አውጥተው በዓለም መድረክ ላይ ያቆሙት ሳሙኤል ፕሬስተን ናቸው። በ1975 የየአገሩን የነፍስ ወከፍ ገቢ ከዕድሜ ርዝመት ጋራ አስተያይተው፥ ሀብታሙ አገር ከድኻው የበለጠ ዕድሜ እንዳለው አረጋገጡ፤ እስከዚህ ድረስ ከማክዮን ጋራ ይስማማሉ። ነገር ግን በ1960ዎቹ አንድ አገር በዚያው ገቢ በ1930ዎቹ ይኖር ከነበረው ዕድሜ እጅግ የበለጠ ይኖር ነበር። በነዚህ ሠላሳ ዓመታት ውስጥ ለታየው የዕድሜ መርዘም ከ75 እስከ 90 በመቶው የመጣው ከአገሩ ገቢ ውጭ ከሆኑ ምክንያቶች እንደ ሆነ ገመቱ። እነሱም ክትባት፥ የወባ መከላከያ፥ ስለ በሽታ መተላለፊያ የተስፋፋው ዕውቀትና እነዚህን የሚያደርስ አስተዳደር ናቸው። ሀብት ወደ ጤና የሚወስድ አንድ መንገድ ነው እንጂ ብቸኛው መንገድ አይደለም።

የሕዝብን ባህልና አኗኗር ለሚያጠና ሰው ደግሞ ከሁሉ የሚቀርበው የጆን ካልድዌል ጥናት ነው። ካልድዌል በ1979 በናይጄሪያ በዮሩባ ሕዝብ ላይ ያደረጉትን ምርምር ሲያሳትሙ፥ የእናት ትምህርት የልጆችን ሞት የሚቀንሰው የባልዋ ሥራና የቤቱ ገቢ እኩል በሆነበትም ጊዜ መሆኑን አሳዩ። ምክንያቱን ሲያስረዱም፥ የተማረች እናት ምግብ በቤት ውስጥ እንዴት እንደሚከፈል፥ የታመመ ልጅ መቼ ወደ ሐኪም እንደሚሄድ ከአማቷና ከባሏ ፊት ቃል ለመናገር ድፍረት ስለምታገኝ ነው ይላሉ። በ1986ም ስሪ ላንካ፥ በሕንድ የኬራላ ግዛትና ኮስታ ሪካ በገቢያቸው ሊጠበቅ ከሚችለው በላይ ረጅም ዕድሜ ማግኘታቸውን ተመልክተው፥ የሴቶችን ትምህርትና ነጻነት ከዋናዎቹ ምክንያቶች ቈጠሩ። «የኑሮ ደረጃ» የሚለው የማክዮን ቃል ወደ ቤት ውስጥ ሲገባ እንዲህ ይበታተናል፤ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ሰዎች ሁሉ አንድ የኑሮ ደረጃ የላቸውምና።

ይህን ሁሉ ካየን በኋላ ነገሩን በአገራችን ታሪክ መፈተን ይቻላል። በመጀመሪያ ለማክዮን የሚያደላውን ማስረጃ እናቅርብ። ከ1888 እስከ 1892 የደረሰው ክፉ ቀን የምግብን ኃይል የሚያስተምር ነው። የከብት እልቂት በሬውን ጨረሰ፤ በሬ ሲጠፋ ማረሻው ቆመ፤ ማረሻው ሲቆም ረኀብ ሆነ፤ የተራበውንና አገሩን ጥሎ የተሰደደውን ሕዝብ ደግሞ ፈንጣጣ፥ ተስቦና ኮሌራ ፈጁት። ረኀብና በሽታ ተያይዘው እንደሚሄዱ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። ይሁን እንጂ የምግብ መኖርና የምግብ መድረስ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ከ1972 እስከ 1974 በወሎ የደረሰውን ረኀብ መርምረው፥ በአገሩ ሁሉ የነበረው እህል ያን ያህል እንዳልጐደለ፥ የጐደለው የወሎ ገበሬና ዘላን እህሉን ለመግዛት የነበረው አቅም እንደ ሆነ አስረድተዋል። ስለዚህ ለማክዮን በሚያደላውም ቦታ እንኳ በእህሉና በሚበላው ሰው መካከል የኅብረተሰብ ሥርዓት ቆሞ ይገኛል።

ቀጥሎ የፈንጣጣን ነገር እንመልከት። ማክዮን ፈንጣጣን ክትባት ያሸነፈው በሽታ መሆኑን ቢቀበሉም ድርሻው አነስተኛ ነው ብለው ያልፉታል። በኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ የተጀመረው በ1971 ሲሆን፥ የመጨረሻው ሕመምተኛ በኦጋዴን የተገኘው በ1976 ነው። በነዚህ ዓመታት መካከል የወሎ ረኀብና የመንግሥት መለወጥ ደርሰዋል። የሕዝቡ ምግብ ተሻሻለ፥ ሀብቱ ጨመረ የሚል ማንም የለም፤ ሆኖም ለብዙ ትውልድ ፊትን ሲያጠፋና ዐይንን ሲያሳውር የኖረው በሽታ ጠፋ። ያጠፋውም በእግርና በበቅሎ ከመንደር መንደር የሄደው ከታቢ ነው።

ከዚህ ይልቅ ሰፊ የሆነው ምስክር የሕፃናት ሞት ነው። በአገሪቱ በተደረጉት የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናቶች መሠረት፥ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናት በ2000 ከሺህ 166 ነበሩ፤ በ2016 ከሺህ 67 ሆኑ። በዚያው ጊዜ ከምግብ ማነስ የተነሣ ቁመታቸው የቀነጨረ ሕፃናት ከ58 በመቶ ወደ 38 በመቶ ወርደዋል። ምግቡ መሻሻሉ እውነት ነው፤ ማክዮን ድርሻቸውን አያጡም። ነገር ግን ሞቱ ከ100 60 እጅ ያህል ሲቀንስ፥ መቀንጨሩ የቀነሰው ከ100 34 እጅ ያህል ነው፤ ከሦስት ሕፃናት አንዱ አሁንም በምግብ ማነስ ቀንጭሮ ሳለ ሞት ከምግቡ ቀድሞ ሸሽቷል። በነዚህ ዓመታት የታየውን ሌላ ለውጥ ስናይ፥ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በየገጠሩ ቀበሌ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሁለት ሁለት ሴቶችን አሠልጥኖ አስቀምጧል፤ ክትባት፥ የወባ አጐበርና የመጸዳጃ ጕድጓድ ትምህርት በነሱ በኩል ወደ ቤት ገብቷል።

ይሁንና ቍጥሩን በአንድነት ብቻ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል። በተወለዱ በመጀመሪያው ወር የሚሞቱት በ2000 ከሺህ 49፥ በ2016 ከሺህ 29 ነበሩ፤ ይህ የ40 በመቶ ያህል መቀነስ ነው። ከመጀመሪያው ወር በኋላ እስከ አምስት ዓመት ያለው ሞት ግን ከ117 ወደ 38 ወርዶ፥ ከሦስት እጅ ሁለቱን አጥቷል። ልዩነቱ የሚያስተምረው ይህን ነው፤ በጐጆው ደጃፍ ላይ ሊሠራ የሚቻለው ሥራ ፈጥኖ ፍሬ ሰጠ፤ የሠለጠነ አዋላጅ፥ መንገድና ሆስፒታል የሚጠይቀው ግን ዘገየ። በጤና ተቋም የሚወለዱት በ2000 ከመቶ 5፥ በ2016 ከመቶ 26 ብቻ ነበሩና። የአገር ሀብት ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሀብቱ የሚያልፍበት እጅ ግን የተለያየ ነው። እጁ ሲቈረጥ ምን እንደሚሆንም ከ2020 እስከ 2022 በሰሜኑ ክፍል የነበረው ጦርነት ጤና ጣቢያዎችን አፍርሶ፥ ክትባትንና የወሊድን እርዳታ አቋርጦ አሳይቷል።

የአዋቂዎችን ሞት በተመለከተ አዲስ አበባ ልዩ ምስክር አላት። የሞት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 ስለ ሆነ፥ ከዚያ በፊት ተመራማሪዎች ወደ መቃብር ቦታዎች ሄዱ፤ ከ2001 ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ መቃብር የሚቀበሩትን እየመዘገቡ፥ ከቤተ ዘመድም ስለ ሕመሙ እየጠየቁ የሞትን ምክንያት አጠኑ። በዚህ መንገድ ኤድስ የአዋቂዎችን ሞት ምን ያህል እንዳበዛ ታወቀ፤ በ2005 መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት ከጀመረ ወዲህም ቀብሩ በጉልህ እንደ ቀነሰ ታየ። እዚህ ላይ ማክዮን ያባረሩት የመጀመሪያው ተጠርጣሪ፥ ሕክምና፥ ተመልሶ ገባ። ነገር ግን መድኃኒቱ ሕይወት ያተረፈው በተፈለሰፈበት ቀን አይደለም፤ ድኻው ያለ ዋጋ ሊያገኘው በተወሰነበት ቀን ነው።

እንግዲህ ከማክዮን ትምህርት የሚጸናውና የሚወድቀው ይህ ነው። መድኃኒት ብቻውን የሞትን ታሪክ አልጻፈም የሚለው ጸንቷል። ረኀብ ያደከመው ሰውነት ለበሽታ የተጋለጠ መሆኑም ጸንቷል። የወደቀው፥ ሀብት ካደገ ጤና በራሱ ይከተላል የሚለው መደምደሚያ ነው። ይህ መደምደሚያ ያለ ጉዳት የሚሳሳቱት ስሕተት አይደለም፤ ድኻን አገር «መጀመሪያ በልጽግ፥ ሕፃናትህ ቈይተው ይድናሉ» ብሎ ይመክራልና። በዓለም ከበለጸገው አገር መካከል በሊቨርፑል ሲወለዱ የሚጠበቀው ዕድሜ 26 ዓመት ብቻ የሆነው ሀብት ጠፍቶ ሳይሆን ሀብቱን ወደ ሕዝቡ የሚያደርስ ውሳኔ ጠፍቶ ነው። የኦጋዴን ሕፃን ከፈንጣጣ የዳነውም በልጽጎ አይደለም።

ለኅብረተሰብ ጥናት ተማሪዎች ከዚህ ክርክር የሚተርፍላቸው ሥራ አለ። ሐኪሙ የበሽታውን ስም ይጽፋል፤ የኤኮኖሚው ሊቅ የገቢውን መጠን ይጽፋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ግን እስካሁን የሚጽፈው አላገኘም። በቤት ውስጥ አስቀድሞ የሚበላው ማን ነው? ውሃ የምትቀዳው ማን ናት፥ ከየትስ ነው? የታመመ ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ የሚፈቅደው ማን ነው፥ ለዚህ የሚሸጠውስ ምንድር ነው? እድሩ ለቀብር የሚያወጣውን ያህል ለሕመምተኛው ያወጣልን? እነዚህ ጥያቄዎች በቍጥር መዝገብ ውስጥ መልስ የላቸውም፤ ቤት ለቤት ሄዶ፥ ቋንቋውን አውቆ፥ ታግሦ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋሉ። ማክዮን «የኑሮ ደረጃ» ብለው የዘጉትን በር መክፈት የእንደዚህ ያለው ተመራማሪ ድርሻ ነው።